አሥራ ሁለት ራይት

«ነይ እስቲ ጁማና፣ ቀረብ በይ» አሉ መምህር መልአኩ።

ጁማና ጫማዋን በሩ ላይ አውልቃ ገባች። አቧራ ኮምፒውተር ይገድላል ስለተባለ እዚህ ክፍል እንደ መስጂድ በካልሲ ነው የሚገባው። ጥጉን ግን ላለማየት ፊቷን አዞረች።

ነገሩ እንዲህ ነው። አሥራ ሁለቱ የተማሪ ኮምፒውተሮች አዲስ ሲስተም ተጭኖላቸው፣ ድሮ ፋይል የሚጋሩበትን ዘዴ አላውቅህም ብለው ዘጉት። የሰኞው ሞዴል ፈተና ደግሞ ያለው ጥጉ ላይ ባለችው ዋና ኮምፒውተር ነው፤ እሷ ደግሞ ከአሮጌው ዘዴ ሌላ አታውቅም። መምህሩ ለጁማና «ዋናዋም ላይ አዲሱን ጫኚባት» ብለዋት ነበር። ጀመረች፤ መብራት ሄደ። ደግማ ጀመረች፤ አሁንም ሄደ። ሰለቻት። አሥራ ሁለቱን እየዞረች አሮጌውን ዘዴ መልሳ የምትከፍተዋን፣ ስክሪኑ ላይ ያለችውን ትንሽ ሳጥን ራይት አደረገቻት። ሁሉም ሠራ። «ጫንሽው?» ሲሏት «አዎ» አለች። ምን እንደነካት እንጃ። አርብ ጠዋት ሰልፍ ላይ ትምህርት ቤቱ በሙሉ አጨበጨበላት።

አሮጌው ዘዴ የሚያመጣውን እሷ አጥታው አይደለም። አምና አንዱ ለመውሊድ ከፍላሽ መንዙማ ሊገለብጥ ብሎ ቫይረስ ሲያስገባ፣ በዚያው በኩል ሁሉም ጋ ደረሰ። የወንድሟ የአዩብ የዓመት ማስታወሻ የጠፋው ያኔ ነው።

ዛሬ ቅዳሜ መምህሩ ሁለት ላፕቶፕ በኬብል አገናኝተው፣ የሚለዋወጡትን የሚያሳይ ፕሮግራም ከፍተዋል። «እነዚህ በአዲሱ ነው የሚያወሩት። በይ አንድ ፋይል ጠይቂ።»

ነካችው። ስክሪኑ በመስመር ተሞላ።

«ቲቸር፣ ይሄ ሁሉ ምንድን ነው?»

«ሰላምታ ነዋ። ይኼኛው ‹የትኛውን ዘዴ ታውቃለህ?› ይላል፣ ያኛው ይመልሳል። ከዚያ ማንነት ይጠያየቃሉ። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ መልእክት ፊርማ አለው። መንገድ ላይ አንዲት ፊደል ከተነካች ፊርማው አይገጥምም፤ አይቀበሉትም።»

ጁማና በየመስመሩ የተጻፈውን ሰዓት አየች። ሁሉም ነገር ግማሽ ሰከንድ አልፈጀም። አያቷ ሸህ ሷሊህ ከአቀስታ የመጣ እንግዳ ሲያገኙ ስለ ልጁ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ አዝመራው ጠይቀው እስኪጨርሱ ሻዩ ይቀዘቅዛል። እነዚህ ዓይኗን ጨፍና እስክትገልጥ ጨረሱት። ስንት ጊዜ ይህን ኬብል ረግጣው አልፋለች፤ ውስጡ ይህ ሁሉ ጥንቃቄ እንደሚመላለስ አንድም ቀን አላሰበችም። የማታውቃቸው ሰዎች የሆነ አገር ተቀምጠው፣ የአዩብ ማስታወሻ እንዳይጠፋ እያንዳንዷን ጥያቄ አስበውባታል። ሱብሃነላህ አለች በልቧ። ወዲያው ደግሞ አፈረች።

«አሮጌውስ?» አለች ቀስ ብላ።

«እሱማ ለመጣ ሁሉ ይከፍታል።» መምህሩ ኬብሉን ነቅለው ፈገግ እያሉ ወደ ዋናዋ ሄዱ። «አሁን ያንቺን ሥራ እንየው።»

«አይሰኩት ቲቸር። አልጫንኩትም። አሮጌውን ነው የከፈትኩት።»

መምህሩ ኬብሉን እንደያዙ ቆሙ።

ጁማና መጀመሪያው ኮምፒውተር ላይ ተቀምጣ ራይቷን አነሳች። አጥፍታ ስታበራው የፈተናው ፎልደር የለም። ወደ ሁለተኛው ዞረች።

«ዋናዋ ላይ አዲሱን ስትጭኚ መብራት ቢሄድስ?» አሉ መምህሩ ከኋላዋ።

«እስኪመጣ እቀመጣለሁ። ፈተናውን ብቻ ሌላ ቦታ ገልብጠው ይያዙልኝ።» ሁለተኛዋንም ራይት አነሳች። «ሰኞ ሰልፍ ላይ ደግሞ ማይኩን ለእኔ ይስጡኝ።»