የጠዋት ስምንት ሰዓት

መጀመሪያ የተሰማው የተሽከርካሪ አልጋ ጎማ ሲጥ ሲጥ ሲል ነበር። ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው። በውጭ አገር ታካሚዎች ክፍል የሰነበተ ሁሉ ያውቀዋል፤ ለሚተርፍ ሰው ጎማው ይቸኩላል።

ጉልበታቸውን ሊታከሙ የመጡት ጡረተኛዋ የፖሊስ ሻምበል በክራንቻቸው ተደግፈው ብቅ አሉ። የተሸፈነው አስከሬን አጠገባቸው ባለው ክፍል የተኛው የአገራቸው ሰው፣ የአናጢው ነበር። ያበጠ የደም ሥሩን ጠዋት በቀዶ ሕክምና ሊያስጠግን ቀጠሮ ይዞ፣ ቀትር ላይ ፈነዳበት።

«ጠዋት ለምን አልገባም?» አሉ።

«ቀብዱ በሰዓቱ አልተከፈለማ!» አለ የሆስፒታሉ አስተርጓሚ። «የውጭ ሰው አስቀድሞ ካልከፈለ አይነኩትም፤ ተራውን ለሌላ ሰጡት። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ሻምበል። ትናንት ለሟቹ ወንድም ‹በስምንት ሰዓት ክፈል› ብቻ አልኩት። ‹በአገሬው አቆጣጠር› ማለት ረሳሁ። በእኛ ስምንት ከምሳ በኋላ ነው፤ እሱም ያኔ መጣ። ነገ ከሥራ ያባርሩኛል፤ ሥራዬ ከሄደ የመኖሪያ ፈቃዴም ይሄዳል።»

ሚስትየው መስኮት ሥር ተቀምጣ የባሏን ጫማ ታቅፋለች።

«ማንን ትጠረጥሪያለሽ፣ ልጄ?»

«አስተርጓሚውን ነዋ! የባሌን ወንድም ግን እንዳይነኩብኝ። በእጄ ያሳደግኩት ልጅ ነው። ትናንት እንኳ ደውሎ ‹እትዬ፣ አታስቢ፣ ነገ ጠዋት በስምንት ሰዓት ከፍዬ እመጣለሁ› ብሎ አረጋጋኝ። ዛሬ ስደውልለት ግን አላነሳም።»

ሻምበሏ ክራንቻቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ። «እስቲ ያለሽን ድገሚልኝ።»

ቃል በቃል ደገመችላቸው።

ወንድምየው ኮሪደሩ ላይ ዓይኑ አብጦ ቆሟል። «በእኛ ሰዓት ቆጥሬ ጉድ ሆንኩ፣ ሻምበል! ምነው እግሬን በቆረጠው!»

«እግርህንስ ተወው፤ የኔ አንዱ ይበቃናል። እዚህ ከመጣህ ስንት ጊዜህ ነው?»

«ሁለት ወር። ቀድሜ መጥቼ ምርመራውን ያመቻቸሁት እኔ ነኝ።»

«ስንት ቀጠሮ አመለጠህ?»

«አንድም።»

ሻምበሏ አስተርጓሚውን አስከትለው፣ ደረጃውን እየረገሙ፣ የውጭ ታካሚዎች ለክፍያ ወደሚመነዝሩበት፣ ሆስፒታሉ በር ላይ ወዳለው የገንዘብ መንዛሪ ሱቅ ወረዱ። ሲመለሱ ሦስቱንም በክፍሉ ኃላፊ ቢሮ ሰበሰቧቸው።

«በሰዓት ስህተት ሞተ ተባለ፤» አሉ። «እኔም ልቀበል ነበር። ግን ይኼ ልጅ ለሁለት ወር በአገሬው ሰዓት ሲሄድ አንድ ቀጠሮ አላለፈውም። ትናንትም ‹ጠዋት በስምንት ሰዓት› ብሏል። ልጆቼ፣ በእኛ አቆጣጠር ስምንት ሰዓት ጠዋት የለውም። ጠዋት ብሎ ስምንት ያለ ሰው፣ በማን ሰዓት እንደሚቆጥር ያውቃል።»

«ምላሴ ስቶ ነው!» አለ ወንድምየው።

«ጠዋት ሱቁ ሲከፈት መንዛሪው ጋ የሄደውም ምላስህ ነው? ‹ከሰዓት በኋላ ምንዛሬው ይጨምራል፣ ከቻልክ ቆይ› ሲልህ፣ ገንዘቡን እንደያዝክ ተመልሰህ በረንዳው ላይ ተቀመጥክ። ስልክህ ሲጮህም እያየኸው ነበር ብሎኛል መንዛሪው።»

ወንድምየው ወለሉን አየ። «ሐኪሙ ትንሽ ይጠብቃል ብዬ እኮ ነው። ትርፏ ለመድኃኒት…»

«ለመድኃኒት ከሆነ ለምን ደበቅከው? ለምንስ ይኼ ምስኪን እንጀራውን ሊያጣ ሲል ዝም አልክ?»

አስተርጓሚው ሁሉንም ለኃላፊው ተረጎመ። ኃላፊው ጠረጴዛው ላይ የነበረውን የስንብት ደብዳቤ አንስቶ ቀደደው።

«ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ፤» አሉ ሻምበሏ ለራሳቸው።

«እትዬ…» አለ ወንድምየው።

ሚስትየው ተነሥታ እጇን ወደ ወንድምየው ኮት ኪስ ሰደደች። እሱ ይዞላቸው የነበረውን ሦስት ፓስፖርት አወጣች። የባሏንና የራሷን ለይታ ያዘች፤ የወንድምየውን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። በሩን ከፍታ ወጣች።