ሐሙስ ይመለሱ

ሞተር እኔን ዋሽቶኝ አያውቅም። ትምህርቴን ከአምስተኛ ክፍል ባቋርጥም አባቴ መካኒክ ነው፤ የቀረውን በጆሮዬ ተምሬዋለሁ። ጀልባ ገና ከሩቅ ሲመጣ ሞተሩን የቱ ጋ እንደሚያመው ዓይኔን ጨፍኜ እናገራለሁ። ጉራ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ጉራ ነው።

ሽማግሌው የሞቱ ጠዋት ግን ጆሮዬን የፈለገ ሰው አልነበረም። ያገኛቸው ዓሣ አጥማጁ የድሮ ሸሪካቸው ነው፤ ከሚሸጠው ጀልባቸው ኋላ፣ ከሁለቱ ሞተሮች ሥር፣ ውሃው ላይ በፊታቸው ተደፍተው። ግንባራቸው ተፈንክቷል። ጀልባው ወለል ላይ ደግሞ የአባቴ የካንዴላ መፍቻ ወድቋል።

አባቴ ትናንት ሰው ሁሉ እየሰማ ጮኾባቸው ነበር። ጀልባው በዕድሜ ይበልጠኛል፤ «ይሸጣል» ከተባለ ሦስት ዓመቱ ነው። ገዢ በመጣ ቁጥር ሞተሩ አልነሣም ይላል። እኛ ሄደን ነዳጁን የሚለኩስ አዲስ ካንዴላ እንገጥማለን፣ ይነሣል፤ ገዢ ሲመጣ ያው እምቢ። «ይሄ ሞተር ካንዴላ በላተኛ ነው» ብዬ የፈረድኩት እኔው ነኝ። ሰዉ አባቴን «ሞተር ቀባሪው» ይለው ጀመር፤ ሥራም ራቀው። ትናንት ለዓመታት ሞቶ የኖረውን ሁለተኛውን ሞተር ጭምር አስነሥቶ ሲያበቃ፣ «ነገ ካልተሸጠ አንድ ነገር ነው የማደርገው» ብሎ ሄደ።

ስለዚህ ፖሊሶቹ ካቴናውን ያወጡት ለእሱ ነበር። እናቴ ከሞተች ወዲህ ከእሱ ሌላ ማንም የለኝም።

«ቆዩ» አለች መርማሪዋ። መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች አጭር ሴት ናት። ጫማዋን አውልቃ ጀልባው ውስጥ ገባችና ብዙ ቆየች። ሳትጠይቀኝ ስለ ሞተሮቹ አስረዳኋት።

ከዚያ ለዛሬ የተቀጠረውን ገዢ ጠራች። የጭነት መኪና ሾፌር ነው። አራተኛ ጊዜው መሆኑን ሲነግራት ቀና ብላ አየችው።

«ካልተነሣ ለምን ይመላለሳሉ?»

ሾፌሩ አንገቱን አከከ። «ሻያቸው ጥሩ ነው። ጨዋታቸውም። ሁለት ሰዓት ያህል እንጫወታለን፤ ከዚያ የማስነሻ ገመዱን ስንስብ አይነሣም። ‹ሐሙስ ይመለሱ፣ ይበጃል› ይሉኛል።»

ዓሣ አጥማጁ ሸሪካቸው ደግሞ ሁሉም ገዢ ሐሙስ እንደሚባል ነገራት። እሱ የራሱን ጀልባ ገዝቶ የተለያቸው ከሦስት ዓመት በፊት ነው። መረብ የሚጥልና ሞተር የሚይዝ ሁለት ሰው ስለሚያስፈልግ፣ ሽማግሌው ከዚያ ወዲህ ውሃ ላይ ወጥተው አያውቁም። ቤታቸው እየሄደ ያያቸው እንደሆነ ስትጠይቀው፣ ሲያልፍ ከሩቅ እጁን ያውለበልብላቸው እንደነበር ተናገረና መሬት መሬት አየ።

ቤታቸው አንድ ክፍል ነው። አልጋ፣ ምድጃ፣ የታጠፈ መረብ። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ብርጭቆ ታጥቦ ተደፍቷል፤ ፔርሙሱ ገና ትኩስ ነው። በሩ ላይ የተሰቀለው ሰሌዳ ቀለሙ ከመደራረቡ የተነሣ ወፍሯል፦ «የሚሸጥ ጀልባ። አስቀድመው ሻይ ይጠጡ።» መርማሪዋ አልጋው ሥር ጎንበስ ብላ አንድ የብስኩት ቆርቆሮ አወጣች።

ሁላችንንም ጀልባው አጠገብ ሰበሰበችን።

«በውሃው በኩል ያለው የሁለተኛው ሞተር ክዳን» አለች፣ «በታጠፈ ጆንያ ላይ ተቀምጧል፤ ቀለሙ እንዳይጫር። ሊገድል የመጣ ሰው ለቀለም አይጨነቅም።» ቀጥላ ከሟቹ ኪስ የተገኘውን በጨርቅ የተጠቀለለ ካንዴላ ገለጠች። ጥቀርሻ የበላው፣ የሞተ ነው። ቆርቆሮውን ስትከፍተው አባቴ ጎንበስ ብሎ አየ። በሦስት ዓመት የገጠማቸው ካንዴላዎች በሙሉ እዚያ አሉ፤ እያንዳንዳቸው በጨርቅ ተጠቅልለው፣ ጤነኛ።

«ገዢ በሚመጣበት ቀን ጤነኛውን አውጥተው የሞተውን ይገጥማሉ። የተሸጠ ጀልባ ላይ ሻይ የሚጠጣ የለም። ዛሬም በዳሩ በኩል ያለውን እንደለመዱት ቀይረዋል። ሁለተኛው ግን ትናንት ተጠግኖ ተነሥቷል፤ እሱንም ዝም ማሰኘት ነበረባቸው። ወደ ውሃው ተንጠራርተው ሲፈቱ መፍቻው አመለጣቸው፣ ግንባራቸው ብረቱን መታ፣ ወደቁ። ካንዴላው በግማሽ ተፈትቶ ቀርቷል፤ ብረቱም ላይ ደም አለ።»

«የእኔ መፍቻ እንዴት እዚያ ተገኘ?» አለ አባቴ።

«የእርሳቸው መፍቻ ለሁለተኛው ሞተር አይሆንም። የእርስዎን ያገኙት ጀልባው ላይ ተረስቶ ነው።» የመፍቻውን እጀታ አሳየችን። እንዳያንሸራትት ቀይ የፀጉር ሪባን ተጠምጥሞበታል። ሁሉም ወደ ጭንቅላቴ ዞሩ። የሪባኑ ግማሽ እዚያ ነው።

ዝም ብል አባቴ ይታሰራል። ተናገርኩ። ትናንት አመሻሽ ላይ መፍቻውን ይዤ ተመልሼ ነበር፤ የሁለተኛውን ሞተር ካንዴላ አንዴ ላጠባብቀው ብዬ። ደግሞ ልኩራራ። «ነገ ይሸጣል አባባ፤ አንዱ እምቢ ቢል እንኳ ሌላው አለልዎ» አልኳቸው። ሽማግሌው ሞተሩን ብዙ አዩት። እንደ ሁልጊዜው «ነይ ሻይ ጠጪ» አሉኝ። እንደ ሁልጊዜው «እቸኩላለሁ» ብዬ መፍቻውን ረስቼ ሮጥኩ።

ካቴናው ወደ ኪስ ተመለሰ። አባቴ አልተቆጣኝም፤ ቆርቆሮውን አቅፎ ጀልባው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ሾፌሩ ዛሬ ሐሙስ መሆኑን ለራሱ አጉረመረመ።

መርማሪዋ ጫማዋን እያሰረች፣ «በሦስት ዓመት ውስጥ ስንቴ አብረሻቸው ተቀመጥሽ?» አለችኝ።

ዓይኔን የማሳርፍበት ሳጣ ወደ ጀልባው ዞርኩ።

«ሞተሮቹ ግን ጤነኛ ናቸው፣ እትዬ። በእሱስ አልተሳሳትኩም።»

«ስለ ሞተር ማን ጠየቀሽ?»