አየር ላይ የቀሩ ስድስት እግሮች

የኤሌክትሮኒክስ መምህሩ ሁለተኛው ደወል ሲደወል የማሳያ ጠረጴዛው ላይ በደረቱ ተደፍቶ ሞቶ ተገኘ። ቀኝ እጁ የተላጡ የመዳብ ሽቦዎችን እንደጨበጠ ነበር። የጠረጴዛው ቁልፍ ግን በክር ታስሮ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል። ነገሩን ያወሳሰበው ይኸው ቁልፍ ነው። ቁልፉ ከተነቀለ ወደ ጠረጴዛው የሚሄድ ኮረንቲ የለም፤ ኮረንቲ ከሌለ ደግሞ መምህሩ የሚሞትበት ምክንያት አልነበረውም። የመዳፉ ቆዳ ግን ተቃጥሏል።

መርማሪዋ ስትደርስ ረፋድ ላይ አራት ሰዓት ሆኖ ነበር። አጭር፣ ቀጭን፣ ድምፅዋ ዝቅ ያለ ሴት ናት። ባልደረቦቿ ከጀርባዋ «መርፌ» ይሏታል፤ እሷም ታውቃለች፣ ከፍቷትም አያውቅም። ቀድሟት የመጣው ሳጅን ሥራውን እንደጨረሰ ሰው ዘና ብሎ በሩ ላይ ተቀበላት።

«ጉዳዩ አልቋል ማለት ይቻላል፣ አለቃ። ገዳይዋ ተይዛለች። የክፍሉ ተማሪ ናት፤ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው።»

«እንዴት ገደለችው?»

ሳጅኑ ጉሮሮውን ጠረገ። «እሱ ገና ነው።»

«እንግዲያው አላለቀም» ብላው ገባች።

ክፍሉ ሰፊ ነው። ሠላሳ በርጩማ፣ በየጠረጴዛው ላይ ቀዳዳ በቀዳዳ የሆነ ነጭ የመሥሪያ ሰሌዳ፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ ሽቦ በየቀለሙ። ግድግዳው ላይ በእንጨት ሰሌዳ የተሰቀሉ የናሙና ሥራዎች ተደርድረዋል፤ ሁሉም ላይ ያለው ሽቦ ነጭ ነው፤ ሁሉም በአንድ ልክ ተቆርጦ በአንድ ልክ ታጥፏል። መርማሪዋ እነዚያ ፊት ከሬሳው ፊት ከቆመችው በላይ ቆየች። ሳጅኑ ዓይኑን ወደ ጣሪያው ሰቀለ።

«ኮረንቲው ወደ ጠረጴዛው እንዴት እንደሚመጣ ንገረኝ» አለችው።

ጠረጴዛው ሥር የክብሪት ፓኬት የምታህል ፕላስቲክ ሳጥን አለች። ውስጧ ባለች አንዲት ቺፕ ሁለት ነገር ትጠብቃለች፦ ቁልፉ መግባቱንና የክፍሉ በር መዘጋቱን። ሁለቱ ሲሟሉ ብቻ ኮረንቲ ትለቃለች። ተማሪ ሳያስበው በሩን ከፍቶ ቢገባ ማንም አይጎዳም፤ መምህሩም ሽቦ ከመንካቱ በፊት ቁልፉን ነቅሎ አንገቱ ላይ ማንጠልጠል ልማዱ ነበር። ሳጥኗን ከሁለት ሳምንት በፊት የሠራችው ያቺው የተያዘችው ልጅ ናት።

«ሞክረነዋል» አለ ሳጅኑ። «ቁልፉን ከተን በሩን ዘጋን፤ ኮረንቲ መጣ። ቁልፉን ነቅለን በሩን ከፈትን፤ ጠፋ። እንከን የለውም።»

«ልጅቷን ምን አስያዛት?»

«ትናንት መምህሩ ሳጥኗን ክፍል ፊት ከፍቶ ሰድቧታል። "እጁ ይድረቅ" ብላለች። ከትምህርት በኋላም ክፍሉ ውስጥ ብቻዋን ቀርታ ነበር። ምስክር አለ፤ ስሜ እንዳይወጣ ብሎ ነው የፈረመው።» አንድ ወረቀት ሰጣት። «ቦርሳዋ ውስጥ ደግሞ ካቻቢቴና የተላጡ ስድስት ቁራጭ ቀይ ሽቦዎች ተገኝተዋል። ስምንት ሰዓት ላይ መኪና መጥቶ ይወስዳታል።»

መርማሪዋ ወረቀቱን እስከ ፊርማው አንብባ አጠፈችና ኪሷ ከተተችው። አሥራ ስድስት ዓመት የሞላት ልጅ በግድያ ተጠርጥራ ያንን መኪና ከተሳፈረች በኋላ ነፃ ናት ብትባል እንኳ የትኛውም ትምህርት ቤት በሩን እንደማይከፍትላት ታውቃለች። አራት ሰዓት ብቻ ነበር የቀራት።

ምክትል ርዕሰ መምህሩ ሬሳውን ያገኘ ሰው ነው። ከሬሳው ይልቅ የትምህርት ቤቱ ስም አስጨንቆታል።

«ልጅቷ ጎበዝ ናት፤ አይካድም። ግን ጸባይዋ ከበድ ይላል» አለ።

«የመምህሩስ?»

«ጥብቅ ነበር።»

«ጥብቅ ሲሉ?»

«ተማሪውን ለሁለት ይከፍለው ነበር። አንዶች ፊት ይቀመጣሉ፣ ዜሮዎች ከኋላ። ለትምህርቱ ብሎ ነው።»

«እርስዎንስ የት አስቀመጠዎት?»

ሰውየው መነጽሩን አወለቀና በከረባቱ ወለወለው። «ባለፈው ስብሰባ ላይ ዜሮ ብሎኛል። ለቀልድ ነው» አለ። ሊስቅ ሞክሮ ተወው።

የፊዚክስ መምህርቷ ግን ቀልድም እንባም አልነበራትም። «የክፍል ኃላፊነቴን ቀምቶኛል፤ አላለቅስለትም። ያንን ሳጥን ቢሰጡኝ ግን ከየት እንደሚከፈት አላውቅም። እሱ እኮ ያላስቀየመው ሰው የለም። ጋሼ ሽቦን እንኳ ከሃያ ሁለት ዓመት በኋላ "ዓይኑ ደክሟል፣ ይነሳልኝ" ብሎ ጽፎበታል። ሰኞ ያስረክባል።»

ጋሼ ሽቦ የቤተ ሙከራው ሠራተኛ ነው፤ ስሙን ያወጡለት ተማሪዎች ናቸው። የተያዘችውም ልጅ የእሱ ናት። መርማሪዋ ዕቃ ቤት ስትገባ የሬዚስተር ሣጥኖች መካከል ተቀምጦ አገኘችው።

«እናቷ ከሞተች ወዲህ እኔ ነኝ ያሳደግኋት» አላት። «ክፉ ልጅ አይደለችም። ትፈታለች አይደል፣ እመቤት? ልጅ ናት እኮ፤ ሕጉ ለልጅ ያዝናል ይባላል።»

«አንዳንዴ» አለች መርማሪዋ። «እስቲ ከዚያ ነጭ ሽቦ ትንሽ ይቁረጡልኝ።»

ለምን ብሎ አልጠየቃትም። ከደረት ኪሱ ፒንሳውን አውጥቶ ጫፉን ላጠ፣ ቆረጠ፣ በአውራ ጣቱ ጥፍር አጠፈና ሰጣት። አመስግናው ወጣች።

ልጅቷ የተዘጋ የመማሪያ ክፍል ውስጥ፣ ከአንዲት ሴት ፖሊስ ጋር ነበረች። ዓይኗ አብጧል፤ አነጋገሯ ግን ቀጥ ያለ ነው።

«ትናንት ምን ብሎ ሰደበሽ?» አለቻት መርማሪዋ።

«"አየር" አለኝ። ቺፑ ውስጥ አራት ጌት አለ፤ እያንዳንዱ በሁለት እግር ተቀብሎ አንድ መልስ ይሰጣል፤ እኔ የምፈልገው አንዱን ነው። የሦስቱን ስድስት መግቢያ እግሮች ባዶ ትቼያቸው ነበር። ይሠራል እኮ። እሱ ግን "እግር አየር ላይ አይተውም፣ አየር ዜሮ አይደለም፣ አንቺ ነሽ ዜሮ" አለኝ። ከዚያ ክፍሉ ሁሉ "አየር፣ አየር" ሲለኝ ዋለ።»

«እጁ ይድረቅ ብለሻል?»

«ብያለሁ» አለች፤ አንገቷን ደፋች።

«ከትምህርት በኋላ ምን ስትሠሪ ቆየሽ?»

«ሳለቅስ ነበር። የፊቴ እብጠት እስኪለቅ ነው የቆየሁት።»

«ቀዩስ ሽቦ?»

«ስድስቱን እግሮች ላስርበት ነው። ቤት ቆርጬ ላጥኩት። ዛሬ ጠዋት ከክፍል በፊት አስሬ ላሳየው ነበር፤ ስደርስ ሞቷል።»

መርማሪዋ ወደ ማሳያ ጠረጴዛው ተመለሰች፤ ሳጥኗን በሳጅኑ ፊት ከፈተች፤ ባትሪ አብርታ ጎንበስ ብላ አየች። የቺፑን ቁጥር ደብተሯ ላይ ገለበጠች። ጋሼ ሽቦ የሰጣትን ቁራጭ አውጥታ አጠገቡ ያዘችው። ከዚያ ቀና አለችና ሳጥኗን ዘጋች። ማድረግ ያለባትን ነገር አልወደደችውም፤ ግን ልታደርገው ነው።

ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉም ክፍሉ ውስጥ ተሰበሰቡ። ሬሳው ተነሥቷል። ምክትሉና የፊዚክስ መምህርቷ ፊት ወንበር ላይ፣ ጋሼ ሽቦ ከኋላ ተቀመጡ። መርማሪዋ ልጅቷን ወደ ጥቁር ሰሌዳው ጠራቻትና ጠመኔ ሰጠቻት።

«እኔ ትምህርቱን አልተማርኩም፤ አንቺ አስተምሪኝ። ቁልፍ አለ፣ በር አለ። ሁሉንም ሁኔታ የሚዘረዝረው የእውነት ሠንጠረዥ ስንት መስመር ይወጣዋል?»

«አራት።» ልጅቷ ሳትጠየቅ ጻፈችው፤ ቁልፉ ሲገባ ወይም በሩ ሲዘጋ አንድ፣ ካልሆነ ዜሮ፦ ዜሮ ዜሮ፣ ዜሮ አንድ፣ አንድ ዜሮ፣ አንድ አንድ።

«ሳጅን ስንቱን ሞከረ?»

«ሁለቱን። የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን።»

«አንቺ ሳጥኑ ውስጥ ያስገባሽው ቺፕ ምን ዓይነት ነው?»

«‹እና› ነዋ። ቁልፉ እና በሩ። አንድ አንድ ላይ ብቻ ነው ኮረንቲ የሚመጣው።»

«በእሱ ቦታ ‹ወይም› ቢገባስ?»

ጠመኔው ሰሌዳው ላይ ቆመ። «ቁልፉ ወይም በሩ… የሁለቱ ቺፕ መልክ አንድ ነው፤ የእግራቸው አቀማመጥም አንድ ነው። ቀይሮ መሰካት ብቻ ነው። አንድ አንድ ላይ ይመጣል፤ ዜሮ ዜሮ ላይ ይጠፋል። ሳጅኑ በሞከራቸው ላይ ልዩነት የላቸውም።»

«በቀሩትስ ላይ?»

«ቁልፉ ተነቅሎም በሩ ከተዘጋ…» አለችና ወደ ጠረጴዛው ዞረች፤ አልጨረሰችውም።

መርማሪዋ ለሳጅኑ ምልክት ሰጠችው። ሳጅኑ በሩን ዘጋ። ቁልፉ እጇ ላይ ነው። ቴስተሩን ሽቦው ላይ አስጠጋችው፤ መብራቱ በራ። ሳጅኑ ጆሮው ድረስ ቀላ።

«መምህሩ ጠዋት ጠዋት በሩን ዘግቶ፣ ቁልፉን ነቅሎ ሽቦ ያዘጋጃል። ዛሬም እንዲሁ አደረገ። ምክትል ርዕሰ መምህሩ በሩን ሲከፍቱ ኮረንቲው ጠፋ፤ ስለዚህ የሞተ ጠረጴዛ ላይ የሞተ ሰው አገኙ። ቺፑን አይቼዋለሁ፤ ‹ወይም› ነው።»

«ሳጥኑን የሠራችው እሷ አይደለችም እንዴ?» አለ ምክትሉ። «ማን ይቀይረዋል ሌላ?»

«እሱን ነው የምነግርዎት። ትናንት መምህሩ ሳጥኑን ሲከፍት ስድስቱ እግሮች ባዶ ነበሩ፤ ሠላሳ ተማሪ አይቷል። ዛሬ ስከፍተው ስድስቱም ታስረዋል። ስለዚህ ቺፑን የቀየረው ሰው እግሮቹንም አሰረ።»

«ተሰድባ አይደለም? አስተካከለችው እንጂ።»

«ትናንት አስራቸው ቢሆን ኖሮ ለዛሬ ስድስት ሽቦ ቆርጣ ምን ትሠራበታለች? ሳጅን ማስረጃ ብሎ የያዘባት ሽቦ ነው ነፃ የሚያወጣት። እግሮቹ መታሰራቸውን አታውቅም ነበር።»

ልጅቷ ትንፋሿን ለቀቀች። ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ትከሻዋ ወረደ።

«ለመግደል እግሮቹን ማሰር አያስፈልግም» አለች መርማሪዋ። «እርስዎ ቢሆኑ ምክትል፣ ወይም መምህርቷ፣ ቀይራችሁ ዘግታችሁ ትሄዱ ነበር። ይህ ግን ሳጥን ከፍቶ ባዶ እግር ሲያይ እጁ እንቢ የሚለው ሰው ነው። ሊገድል መጥቶ እንኳ የተዝረከረከ ሥራ ትቶ መሄድ አልቻለም።» ሳጥኗን አንስታ ለልጅቷ ዘረጋችላት። «ተመልከቺው። ይህ የማን እጅ ይመስልሻል?»

ልጅቷ ጎንበስ አለች። ነፃ መውጣቷ ገና ፊቷ ላይ ነበር፤ ቶሎ መለሰች። «ይህማ ነጭ ሽቦ ነው፤ እጥፋቱም የአባባ…»

አፏን ያዘች። 

መርማሪዋ ይህን ጥያቄ ሳትጠይቃት ጉዳዩን መዝጋት ትችል ነበር። ማስረጃው ነበራት፦ የፒንሳው አንድ ጥርስ የተሸረፈ በመሆኑ በሚልጠው ሽቦ ሁሉ ላይ ጭረት ይተዋል፤ ጭረቱ በሰጣት ቁራጭ ላይም፣ በስድስቱ ሽቦዎች ላይም አለ። ልጅቷ ራሷ እንድትለየው የፈለገችው ኋላ ማንም መጥቶ «ፖሊስ አባትሽን በሐሰት ከሰሰው» እንዳይላት ነው። ለራሷ የሰጠችው ምክንያት ይህ ነበር፤ እውነት ስለመሆኑ እርግጠኛ አይደለችም።

ጋሼ ሽቦ ተነሣ። መሬት መሬት እያየ ወደ ፊት መጣ።

«ለአንቺ ብዬ ነው፣ ልጄ» አለ። «ትናንት እያለቀስሽ አየሁሽ። አንጀቴ አልቻለም።»

ልጅቷ ወደ እሱ አንድ እርምጃ ሄደች። ያን ጊዜ መርማሪዋ የምስክሩን ወረቀት ከኪሷ አወጣች። ብትተወው ልጅቷ ዕድሜዋን ሙሉ በእሷ ምክንያት ሰው እንደተገደለ አምና ትኖራለች። ብትሰጣት ደግሞ አባት አይኖራትም። ሰጠቻት።

«ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የተሰጠ ቃል ነው። ጮክ ብለሽ ማንበብ የለብሽም።»

ልጅቷ አነበበችው። እጁ ይድረቅ ማለቷ፣ ብቻዋን መቅረቷ፣ ቦርሳዋ ይፈተሽ የሚለው ሁሉ እዚያ አለ። ሥር ያለውን ፊርማ በየሪፖርት ካርዷ ላይ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ታውቀዋለች።

«አባባ» አለች። «እኔን ሰጠሃቸው?»

«ትንሽ ነሽ፤ ይለቁሻል ብዬ ነው። እኔ ሰኞ ከዚህ ስወጣ ምን አለኝ? ሃያ ሁለት ዓመት… ዓይኑ ደክሟል ብሎ ጻፈብኝ። ዓይኔ እኮ አልደከመም። ሥራውን አይተሻል።»

«አይቻለሁ» አለች ልጅቷ። «ንጹሕ ሥራ ነው።»

ስምንት ሰዓት ላይ መኪናው መጣ። ሳጅኑ የሰውየውን እጅ በካቴና አሰረ፤ ከዚያ እየተቅለሰለሰ ወደ መርማሪዋ ቀረበ። ልጅቷ መዝገቡ ላይ ገብታለች፣ ለአካለ መጠን አልደረሰችም፣ ወላጅ ሳይፈርም አትለቀቅም፣ ያላት ወላጅ ደግሞ እሱ ብቻ ነው አላት። ጋሼ ሽቦ ሰምቶ የታሰሩ እጆቹን ዘረጋ።

«አምጡት፤ እፈርማለሁ» አለ። «ወደ ቤት ትሂድ።»

ሳጅኑ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ልጅቷ ቀድማ እጇን ጫነችበት።

«አክስቴ ትፈርምልኛለች» አለች።

«አክስትሽ የት ነው ያለችው?» አለ ሳጅኑ።

«ከተማ አይደለችም። በአውቶቡስ የአንድ ቀን ተኩል መንገድ ነው።»

«እስከዚያ ማረፊያ ቤት ነው የምትቆዪው፤ ገባሽ? እሱ ቢፈርም አሁኑኑ ትወጫለሽ።»

«ገብቶኛል» አለች ልጅቷ። ቦርሳዋን አንሥታ ከሴት ፖሊሷ ጋር ወጣች።