ያልተቆጠረው ቅጂ

«ለክቡራን ደንበኞቻችን በሙሉ። ለስድስት ዓመታት በታማኝነት ያገለገለን የማዳመጫችን የግራ ጆሮ ዛሬ ጠዋት በድንገት ከመካከላችን መለየቱን በጥልቅ ሐዘን እንገልጻለን። የቀኙ ጆሮ እንደወትሮው ያገለግላችኋል። ስቱዲዮው።»

ዜማ ደራሲዋ በሩ ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ አንብባ፣ ሳቋን አፍና ገባች። የማስታወቂያው ጸሐፊ፣ ድምፅ ቀራጩ፣ ከማሽኖቹ ጀርባ ተቀምጧል። የሙያ ጓደኞቹ «ጆሮው» ይሉታል፤ ሦስት ክፍል ማዶ የሚንጠባጠብ ቧንቧ በየትኛው ኖታ እንደሚንጠባጠብ ይናገራልና።

«ቀብሩ ስንት ሰዓት ነው?» አለችው።

«የማን?»

«የግራው ጆሮ።»

ቀና አለ። ሰውን ከማየቱ በፊት የመስማት ልማድ ነበረው፤ ያን ዕለት ግን ዐይኑ ቀደመ።

ይዛ የመጣችው ዘፈን ግጥሙም ዜማውም የራሷ ነው። የሚዘፍነው ታዋቂ ሰው ነው፤ ታዋቂ ሰው ደግሞ አጥንቶ አይመጣም። ስለዚህ በስቱዲዮው አሠራር መጀመሪያ ደራሲዋ ትዘፍነዋለች፣ ዘፋኙ እሷን እየሰማ ይለማመዳል፣ እሱ ተቀርጾ ሲጨርስ የእሷ ይደመሰሳል። «መሪ ድምፅ» ይሉታል። ሥልጣኑን ያለ ጭቅጭቅ የሚለቅ መሪ እሱ ብቻ ነው።

ዘፋኙ ግን ሦስት ወር ፈጀ። አንዴ ጉንፋን፣ አንዴ ጉዞ፣ አንዴ «ስሜቱ አልመጣልኝም»። ስሜቱ እስኪመጣ ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ አንድ ጆሮ ብቻ በቀረው ማዳመጫ ተራ በተራ ያዳምጣሉ። ከተገዛ ሁለት ወር የሞላው አዲስ ማዳመጫ መሳቢያ ውስጥ እንደተቆለፈበት የምታውቀው ጽዳት ሠራተኛዋ ብቻ ነበረች።

አንድ ከሰዓት «ሁለተኛውን ስንኝ ቀይሬዋለሁ፤ እንደገና ቅዳኝ» አለችው። ከመቅረጫ ክፍሉ መስተዋት ማዶ ቆማ፣ ዐይኗን ከእሱ ሳትነቅል ዘፈነች። አዲሱ ስንኝ የሰዉን ሁሉ ጉድለት እየሰማ ፊቱ የቆመችውን ሴት ስለማይሰማ ሰው ነበር። እንዲህ ያለ ሰው በከተማው ውስጥ አንድ ብቻ ነው።

ስትወጣ ፊቷ ግሏል።

«እህስ፣ አቶ ጆሮ? ምን ሰማህ?»

«በጣም ጥሩ ነው። መጨረሻው ላይ ብቻ ከቅኝት ትንሽ ወርደሻል።»

«ሌላስ?»

«ሌላ… ትንፋሽሽ ማይኩ ላይ ይሰማል። አንድ ክንድ ያህል ራቅ በይ።»

«ቃሉንስ?»

«ቃሉን ዘፋኙ ያስብበት። እኔ ምን አገባኝ?»

«እውነትህን ነው፤ ምን አገባህ» አለችና ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

ቃሉን የሰማው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ዘፋኙ በመጨረሻ ጨርሶ፣ የእሷ ተራ ደርሶ ሊደመስሳት ሙዚቃውን ዘግቶ ድምፅዋን ብቻውን ለቀቀው። ጣቱ ቁልፉ ላይ እንዳለ ቀረ። እስከ ማታ ደጋግሞ ሰማው፤ አልደመሰሰውም። ከዚያ እንደማንኛውም አስተዋይ ወንድ፣ ለመናገር ምቹ ጊዜ መጠበቅ ጀመረ። ምቹው ጊዜ ሰባት ወር ቆየ።

ዘፈኑ የዓመቱ ምርጥ ተብሎ ተሸለመ። ዘፋኙ መድረክ ላይ ወጥቶ እናቱን፣ ፀጉር አስተካካዩንና ውሻውን አመሰገነ። ጆሮው ደራሲዋን የአዳራሹ ኮሪደር ላይ አገኛት። ንግግሩን ከጠዋት ጀምሮ ሲለማመድ ውሎ ነበር።

«እኔ የምልሽ…»

«ቆይ፣ እኔ ልቅደም። ሰፈራችን ያለው የመድኃኒት ቤት ሰውዬ እንጋባ ብሎኝ ነበር። እማዬም ወዳዋለች። እስካሁን ‹ቆይ› ስለው ነበር።» የግድግዳውን ቀለም እያየች ነው የምታወራው። «ትናንት እሺ አልኩት።»

«ድምፅሽ ታፍኗል» አለ ጆሮው፤ ከተለማመደው ሁሉ ይኸው ነው የወጣለት። «ጉንፋን ይዞሻል እንዴ?»

ሳቀች። ዐይኗ ግን እንባ ሞልቶት ነበር። «አዎ» አለችው፣ «ጉንፋን ነው።»

ያንን ያልደመሰሰውን ቅጂ ጆሮው በየጠዋቱ፣ ማሽኖቹ እስኪሞቁ ይሰማው ነበር። በሠርጓ ዕለት ጠዋትም ሰማው። ከዚያ በኋላ መስማት የሰው ሚስት በቁልፍ ቀዳዳ እንደማየት ሆነበት፤ ዘፈኑ ሲያልቅ ደመሰሰው።

ዘፈኑ ግን መቀዳቱን አላቆመም። አንድ ኦርኬስትራ አገነነው፤ ሁለት እህትማማቾች አጣደፉት፤ አንድ ሳክስፎን ነፊ ቃሉን አውጥቶ ለጥርስ ሐኪም ቤት መጠበቂያ ክፍል አመቻቸው። የሙዚቃ መጽሔቱ ታሪኩን ሲጽፍ ሰባት ቅጂ ቆጠረ። የእሷን የሚያውቅ አልነበረም።

ቅጂዋን በደመሰሰ በዘጠነኛው ዓመት፣ ስቱዲዮው ውስጥ አንድ ሰው ከኋላው «አቶ ጆሮ» አለው። ድምፅ አይባልም፤ ሻካራ ትንፋሽ ነው። ማን እንደሆነ ለማወቅ ዞሮ ማየት ነበረበት።

አንገቷ ላይ ሻርፕ ጠምጥማለች። «ዕጢ ነበር» አለችው። «እሱን ሲያወጡ ድምፄንም ይዘውት ወጡ። አይመለስም ብለዋል።»

ወንበር ሳበላት።

«ልጄ አራት ዓመቷ ነው። የተወለደችው ከዚያ በኋላ ስለሆነ ስዘፍን ሰምታኝ አታውቅም፤ የትም ተቀድቼ አላውቅም፣ እዚህ ብቻ ነው። ያኔ የቀዳኸኝ አለ?»

«የለም።»

«አሠራራችሁ ነው አትበለኝ። ጽዳት ሠራተኛዋን መንገድ ላይ አግኝቻት፣ ከሽልማቱም በኋላ በየጠዋቱ አንተ ድምፄን ትሰማው እንደነበር ነገረችኝ። ዋሽታኝ ነው?»

«አልዋሸችሽም።»

«ያን ያህል ጊዜ አቆይተኸው?»

«አዎ።»

«ከዚያ በገዛ እጅህ አጠፋኸው?»

«አዎ።»

የቀረችውን ትንፋሽ አጠራቅማ ጠየቀችው። «ለምን?»

«አልናገርም።»

«ለእኔም?»

«ለአንቺ በተለይ» አለ ጆሮው፤ «አልናገርም።»