ለሚሞት ሰው መርዝ

ይርሳው ብቸና በሚገኘው ቤቱ ሞቶ ሲገኝ ማንም አልደነገጠም፤ የጨጓራ ካንሰር እንዳለበት አገር ያውቃል። ኢንስፔክተር ወይንእሸትን ያስጠሯት አስከሬኑን ሊያጥቡ የመጡት ገናዦች ናቸው። ከሟቹ አፍ አረፋ ወጥቷል፣ የተባይ መርዝ ይሸታል፣ የዓይኑ ብሌን የጤፍ ፍሬ አክሏል።

«ምን ቀምሶ ነበር?» ስትል ሚስቱን አምሳለችን ጠየቀቻት።

«አጥሚት። ምድጃው ዳር ትቼው ነበር፤ ሁላችንም ስንወጣ ስንገባ ነበርን።»

የአምሳለች ግራ ክንድ ተሰብሮ ጠምሞ የገጠመ ነው፤ አይዘረጋም።

«ይህንስ የሰበረው እሱ ነው?» አለች ወይንእሸት ክንዷን እያየች።

«ድሮ ነው። ከታመመ ወዲህ እግሬ ላይ ወድቆ ይቅር በይኝ ብሎኛል። ከፈኑንም ቀድሜ በእጄ ፈትዬ አሠርቼለታለሁ።»

የሟቹ ወንድም ታዘበው ተቆጣ። «መርዙ የኔ ነው፣ ለጤፍ የገዛሁት። ጎተራው ሥር መቀመጡን ሁሉም ያውቃል። የንስሐ አባቱን ጠርቼ፣ የመቃብር ቦታ አስመርጬ፣ ለምን እገድለዋለሁ?»

«አዲስ አበባ ለምርመራ አብረውት ሄደው ነበር?»

«ሄጃለሁ፤ ግን ዕቃ ይዤ ውጭ ቀረሁ። ሐኪሙን ያናገረችው ልጁ ናት፤ እሱ ገና ከማደንዘዣው አልነቃም ነበር።»

ልጁ ንጋት ሞጣ የምትሠራ ነርስ ናት፤ አባቷን ልታስታምም መጥታ ነበር። ዓይኗ ደረቅ ነበር። «ካንሰሩ የጨጓራውን ግድግዳ በስቶ አልፏል። ተስፋ አልነበረውም» አለች።

ወይንእሸት ሐኪሙ ዘንድ ደወለች። ከቀብር መልስ ሦስቱን ሰበሰበች።

«ጫፉ ላይ አልትራሳውንድ ያለው ቱቦ በጉሮሮ ገብቶ የካንሰሩን ጥልቀት ያሳያል። የአቶ ይርሳው ገና ከውስጠኛው ሽፋን አላለፈም ነበር። ሐኪሙ ሆድ ሳይከፈት በመሰል ቱቦ ተልጦ ይወጣል ብሏል።»

አምሳለች አፏን በነጠላዋ ያዘች።

«መርዙን ሦስታችሁም ታገኙታላችሁ። ነገር ግን ዛሬ ነገ የሚሞትን ሰው ለመግደል ማን ይደክማል? እትዬ አምሳለች ከፈን አዘጋጅተዋል፤ አቶ ታዘበው መቃብር አስመርጠዋል። የገደለው እንደሚድን ያወቀ ሰው ነው። ያን ቃል ከሐኪሙ አፍ የሰማሽ አንቺ ብቻ ነሽ፣ ንጋት። ሰምተሽም ዋሸሽ።»

ንጋት አልካደችም። «ይድናል ሲለኝ የእማ ክንድ ታየኝ። ሕክምናውን ካጣ በራሱ ይሞታል ብዬ ዝም አልኩ። እሱ ግን እየበላ ፊቱ ወዛ። ሲበረታ ዱላውን ማንሣቱ አይቀርም ነበር። ላንቺ ብዬ ነው፣ እማ።»

«ለኔ?» አለች አምሳለች። «ከተጋባን ጀምሮ በስሜ የጠራኝ ከታመመ ወዲህ ብቻ ነው።»

«ሞትን ፈርቶ እንጂ ወዶሽ እኮ አይደለም!»

«አውቃለሁ» አለች እናቷ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው እያዞረች። «ያም በቅቶኝ ነበር።»