ሦስተኛው ጥሪ

ጠጋ ጠጋ በሉ። በሩን ዝጉት። አይ፣ ተዉት፣ ትንሽ ገርበብ ይበል፤ ምክንያቱን በኋላ ታውቁታላችሁ። የቤተ ክርስቲያኑ ደወል እስኪደወል ገና ነው። ሲደወል አብረን እንወርዳለን። እስከዚያው የምታወሩት ካለቀባችሁ እኔ ላውራ። ምን ላውራላችሁ?

"ያቺን!" አላችሁ። አውቄዋለሁ። በየዓመቱ የገና ዋዜማ "ያቺን" ትላላችሁ። ሬዲዮ ገባ፣ ያቺን አላችሁ። ቴሌቪዥን ገባ፣ ያቺን አላችሁ። ይኸው ዛሬ በየኪሳችሁ ስልክ አለ፣ ዓለም ሁሉ እዚያ ውስጥ ይጨፍራል ይሉኛል፤ አሁንም ያቺን። መጨረሻዋን ታውቋታላችሁ። አንዲት ቃል ብዘል ታርሙኛላችሁ። ታዲያ ምን ፈልጋችሁ ነው? እኔ እጠረጥራችኋለሁ። ምን እንደምጠረጥራችሁ ኋላ እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ ግን ዘርጋው የት ነው ያለው? ዘርጋው! ና ወዲህ፣ ከሙሽራህ ጋር እዚህ ከጉልበቴ ሥር ቁጭ በል፤ እንዳይህ። ሙሽሪት፣ ይሄ ባልሽ አምና ምን እንዳደረገ ነግሮሻል? ወሬዬ መካከል ስደርስ "ላንዳፍታ ልውጣ" ብሎ ወጣና ከአጥሩ ኋላ ሆኖ በሴት ድምፅ ተጣራ። ሴቶቹ ጮኹ። እኔ ሽማግሌው በዱላዬ እየተንገዳገድኩ እስከ አጥሩ ሄድኩ። አገሩ ሁሉ ሳቀብኝ። "በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ" አሉኝ። እሱ የተባለው ለሜዳው ጨዋታ ነው! እኔ ተቆጥቻለሁ። ዘንድሮ ወሬዬ ሳያልቅ ማንም አይወጣም።

እሺ። ሙሽሪት፣ አንቺ የሌላ አገር ሰው ነሽና አታውቂያትም። ላንቺ ብዬ ከሥሯ ልጀምር።

ድሮ ነው። እንዲህ እንደ ዛሬው ጨረቃ የሌለበት ጨለማ ነው። የመንደሩን ስም አልነግርሽም፤ የሚያውቁት ያውቁታል። በዚያ መንደር ቢያድግልኝ የሚባል ሰው ነበር። ጠርጣራ ነበር። ምን ያህል ጠርጣራ? ጥላው ቢከተለው ዞሮ "ምን ፈለግህ?" የሚል ሰው ነበር ይሉታል። "እንደምን አደርክ" ሲሉት "ምነው ዛሬ?" ይል ነበር። ክፉ ሰው ግን አልነበረም። ይህን ያዢልኝ ሙሽሪት፤ ክፉ አልነበረም። ሚስቱን አሰገደችን ይወዳት ነበር። ሁለት ልጆች ወልደው ሁለቱንም በጨቅላነታቸው ቀብረዋል። ሁለት ልጅ የቀበረ ሰው ቢጠራጠር ይፈረድበታል? እኔ አልፈርድበትም።

አንድ ሕግ ደግሞ አለ። ይህን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በጨለማ መንገድ ስምህን ሲጠሩህ ምን ታደርጋለህ? በሉ እንጂ! አዎ። ሦስቴ እስኪጠሩህ ድረስ አቤት አትልም። ለምን? ክፉ መንፈስ ከሁለት አያልፍማ። ሦስት የሥላሴ ነው፣ አፉ አይደፍረውም። አንዴ ቢጠራህ፣ ዝም። ሁለቴ ቢጠራህ፣ ዝም። ሦስተኛውን ከሰማህ ሰው ነው፤ ያኔ አቤት በል። ይህን እናቶቻችን ከጡት ጋር ነው ያጠቡን። ቢያድግልኝማ በጠራራ ፀሐይም ሦስቴ ካልጠሩት አይመልስም ነበር።

የገና ዋዜማ ነበር። ሰው ሁሉ ለማኅሌት ወርዶ መንደሩ ባዶ ነበር። ማታ ላይ አሰገደች ምጧ ጠና። "ሂድ፣ እማማ ሽታዬን አምጣልኝ" አለችው። እማማ ሽታዬ አዋላጅ ናት፤ ቤቷ ከገደሉ ማዶ ነው። የዚያ አገር ሕፃን ሁሉ መጀመሪያ ያየው የሷን ፊት ነው።

አሰገደች ያልነገረችው አንድ ነገር ነበር። ከሰዓት በኋላ ወገቧን ሲቆርጣት፣ ውሃ ልትቀዳ በምታልፍ ጎረቤት "ለእማማ ሽታዬ ዛሬ ነው በይልኝ" ብላ ልካባት ነበር። ለባሏ ለምን አልነገረችውም? ብትነግረው "ለምን ለሰው አወራሽ? ዐይን እንዲገባብን ነው?" ይላታላ። ከጠርጣራ ጋር የምትኖር ሴት ብዙ ነገር በሹክሹክታ ነው የምታደርገው። ሲመሽባት መልእክቱ ሳይደርስ የቀረ መሰላት። ደግሞ ምጥ የያዛት ሴት ቁጭ ብላ ታስረዳለች?

ቢያድግልኝ ወጣ። መብራት አልያዘም። ለምን? መብራት የያዘ ሰው ይታያላ! መንገዱ ሁለት ነው። በላይ ሰፊው አለ፤ በታች፣ በገደሉ አፋፍ የሚሄድ አቋራጭ አለ። አቋራጩ ያዳልጣል። እሱ ሰፊውን ያዘ።

ሄደ፣ ሄደ። ከበታቹ ድንጋይ ተንከባለለ። "ዝንጀሮ ነው" አለ። ዝንጀሮ በሌሊት ይሄዳል? አይሄድም። እሱም ያውቃል። ሄደ፣ ሄደ። ከበታቹ የሆነ ነገር ቃተተ። "ንፋስ ነው" አለ። ንፋስ ነበር? ቅጠል አልተንቀሳቀሰም። ሄደ፣ ሄደ። ወደ ታች ሲያይ አንድ ነጭ ነገር ታየው። ነጠላ የምታክል ነጭ ነገር፣ ገደሉ ሥር። "ቋጥኝ ነው" አለ። ቋጥኙ እጁን አነሣ።

ድፍረት እንዲሰጠው ጉሮሮውን ጠረገ። ያን ጊዜ ነው የተጠራው።

"ቢያድግልኝ!"

የሴት ድምፅ ነው። ስሙን ያውቃል። ባለበት ቆመ። "አንድ" አለ በልቡ።

"ቢያድግልኝ..."

አሁን ቀጠን ብሏል። "ሁለት" አለ በልቡ። ከዚያ ጠበቀ። ይህችን ልብ በሉልኝ፤ ጠበቀ። አልሮጠም። ሦስተኛውን ቢሰማ አቤት ሊል አፉን ከፍቶ ጠበቀ። ውሃው ታች ሲፈስ ይሰማል። ሌላ ምንም አይሰማም። ጠበቀ፣ ጠበቀ። ሦስተኛው አልመጣም።

"አላልኩም?" አለ። "ሰይጣን ነው!" አማተበና መንገዱን ቀጠለ። እንዲያውም ራሱን አመሰገነ። ሌላ ሞኝ ቢሆን ይመልስ ነበር አለ።

ማዶ ደርሶ በሩን አንኳኳ። የእማማ ሽታዬ ሽማግሌ ባል ከፈተለት።

"ቢያድግልኝ! ብቻህን ነህ? አልተገናኛችሁም እንዴ?"

"ከማን ጋር?"

"ከሽታዬ ጋር ነዋ! መልእክቱ መሽቶ ነው የደረሳት። ቶሎ ልድረስላት ብላ በአቋራጩ ወጣች።"

ሙሽሪት፣ አየሽ? ገባሽ?

ቢያድግልኝ ወደ መጣበት ዞሮ ሮጠ። ሽማግሌው ችቦ ለኩሶ ተከተለው። ከገደሉ ሥር አገኟት። እግሯ ተሰብሯል፣ ጎኗ ደምቷል፣ ሞታለች፤ ሰውነቷ ግን ገና አልደረቀም። ጉሮሮውን ሲጠርግ በድምፁ አወቀችው እንጂ በዚያ ጨለማ በምን ታየው ነበር? አፏ ደግሞ... አፏ ግጥም ብሏል። ከንፈር በከንፈር ላይ። ለምን ግጥም አለ? እስቲ ሁላችሁም "ቢ" በሉ። በሉ! ድምፁ ሳይወጣ በፊት ከንፈራችሁ ምን ሆነ? ገጠመ። እንደዚያ ገጥሞ ነው የቀረው። ሦስተኛውን ልትጠራው ጀምራ ነበር።

ሽማግሌው ከሬሳው አጠገብ ቁጭ አለ። "አንተ ሂድ፤ ሚስትህ ብቻዋን ናት" አለው። ቢረግመው ይሻለው ነበር።

እየሮጠ ቤቱ ደረሰ። በሩ ገርበብ ብሏል። እሳቱ ጠፍቷል። ከጨለማው ውስጥ ሕፃን ያለቅሳል።

"መጣህ?" አለችው አሰገደች። "እማማ ሽታዬ እኮ አሁን ወጣች። በር ላይ አላገኘሃትም?"

ዞሮ ደጁን አየ።

"ስትገባ በሩ ድምፅ አላሰማም" አለችው። "እሳቱን ልታነድልኝ ነው ስል ጭራሽ አዳፈነችው። የቀሚሷ ጫፍ እርጥብ ነው። አንድ ቃል አልተናገረችም። ግን ገላገለችኝ። ወንድ ነው። እትብቱን ቆርጣ ጠቅልላ አሳቀፈችኝ። እጇ እንዴት ይቀዘቅዛል! ስትወጣ ብቻ አንድ ነገር አለች።"

"ምን አለች?"

"'ለባልሽ ንገሪው፤ ሁለቱን ሰምቷል፣ አንዱ ይቀረዋል' አለች። ምኑ ነው የሚቀርህ?"

ያ ሕፃን ማን እንደሆነ እነዚህ ሁሉ ያውቃሉ፣ ሙሽሪት። በልደት ስለተወለደ ልደቱ አሉት። እኔ ነኝ።

አትመኑኝ። እኔም አላመንኩም። ጎረምሳ ሳለሁ እናቴን "ምጥ አሳይቶሽ ይሆናል" ብያታለሁ። እሷም "ታዲያ እትብትህን ማን ቆረጠው?" አለችኝ። ይኸው ዕድሜዬን ሙሉ መልስ አላገኘሁለትም።

አባቴ ከዚያ በኋላ መጠርጠሩን ተወ። ሰው "ቢያ" ሳይለው "አቤት" ይል ነበር። ዶሮ ስትጮህ "አቤት" ይል ነበር። ልጆች ይስቁበት ነበር። በየገናው ዋዜማ በሩን ገርበብ አድርጎ፣ እዚህ እኔ የተቀመጥኩበት ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። ሦስተኛውን ይጠብቃል። እስኪነጋ ይጠብቃል። አልጠራችውም። ሠላሳ አንድ ዓመት ጠበቀ። ሲሞት እጄን ይዞ፣ "ልደቱ፣ ብትጠራ አንተ አቤት በልልኝ። ካልመለስንላት ከዚያ ገደል አትወጣም" አለኝ። አሳዘነኝ። አሁንም ያሳዝነኛል።

እንግዲህ የጠረጠርኳችሁን ልንገራችሁ። ይህችን ወሬ በየዓመቱ የምታስወሩኝ ለፍርሃት አይደለም። ፍርሃት ስልካችሁ ውስጥም ሞልቷል። እኔ የምጠረጥረው፣ እያንዳንዳችሁ ሰምታችሁ ያልመለሳችሁት ጥሪ አለ። እናት ናት፣ ወንድም ነው፣ ጎረቤት ነው፣ እኔ አላውቅም። "ሦስተኛውን ብሰማ እመልስ ነበር" ትላላችሁ። ምነው አንገታችሁን ደፋችሁ? በከንቱ ጠረጠርኳችሁ?

ታዲያ ሕጉ ውሸት ነው ወይ? በሌሊት ለጠራ ሁሉ አቤት ይባላል ወይ? እሱን እኔም አላውቅም። ብቻውን የሚሄድ ሰው በምን ያውቃል? ሁለት ቢሆኑ አንዱ "ሰይጣን ነው" ሲል ሌላው "እስቲ እንየው" ይል ነበር። እኔ የማውቀው ይህንን ብቻ ነው፤ በሌሊት ብቻችሁን አትሂዱ። ለመንፈሱ ብዬ አይደለም፤ ገደል ውስጥ ለወደቀው ሰው ብዬ...

ቆይ።

ምንድን ነው?

ዘርጋው! ዘንድሮም? ጨርሼ ሳልጨርስ? እኔ ልጅህ ነኝ የምትጫወትብኝ? ሽማግሌ አታከብርም? ና ግባ! ግባ ነው የምልህ!

ምን? ማነው ጉልበቴን የያዘው?

ዘርጋው? አንተ እዚህ ነህ?

ሙሽሪትስ? አለች። ቁጠሩ እስቲ። የጎደለ አለ? ማንም አልወጣም? ታዲያ ከገደሉ በኩል...

ሁላችሁም ሰምታችኋል? የማንን ስም ነው የጠራችው? ንገሩኝ፣ ጆሮዬ ደክሟል። አዎ። የአባቴን። ስንት ጊዜ? አንድ ጊዜ ብቻ? ሌላ እስክትጠራ እንጠብቅ ነው የምትይው፣ ልጄ? አይ። ሁለቱን ድሮ ጠርታዋለች።

ደግፉኝ። ችቦውን አብሩ። ማንም ብቻውን አይቅደም፣ ማንም ብቻውን አይቅር። ዘርጋው፣ በሩን ወለል አድርገህ ክፈተው።

አቤት! አቤት፣ እማማ ሽታዬ! መጣን!