የሚስማማው ጭነት

ይህ ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው። ሐሰት ከሆነ ምላሴ ይቆረጥ አልልም፣ ምላሴ እንጀራዬ ነው፤ የግራ ጆሮዬን ግን ያለ ክርክር አስይዛለሁ፣ ድሮም ብዙ አይሰማ።

ትርሲት ያን ሰሞን ሥራዋን የምትጀምረው ጫማዋን በማውለቅ ነበር። ከጎተራ ወዲህ ባለ አንድ ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ ለገጠር ጤና ኬላዎች የእጅ ሬዲዮ የሚሠራ ትንሽ መሥሪያ ቤት አለ፤ ከኮሪደሩ መጨረሻ ደግሞ እንደ ባንክ ካዝና ወፍራም በር ያለው፣ ግድግዳው በመዳብ የተለበጠ፣ ከውጭ ቅንጣት የሬዲዮ ሞገድ የማያስገባ የመለኪያ ክፍል። በመዳቡ ላይ ከወለል እስከ ጣሪያ ጥቁር ስፖንጅ እንደ ጅብ ጥርስ ሾል ሾል እያለ ተለጥፏል። የወለሉ ስፖንጅ እንዳይበላሽ የሚገባ ሰው ሁሉ ጫማውን በሩ ላይ ያወልቃል፣ ደንብ ነው፤ እንደ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ፣ ውስጥ ማን እንዳለም በጫማው ይታወቃል። ትርሲት ቡናማ ጫማዋን አፍንጫውን ወደ በሩ አድርጋ ታስቀምጥና በካልሲዋ ትገባለች።

ሥራዋ ምን መሰላችሁ? ሬዲዮ ውስጥ ሞገዱን የሚያጎለብት ትራንዚስተር የሚሉት ነገር አለ፤ እሱን የጭነት በቅሎ በሉት። ጭነቱ ሲቀልለት ይፈነጫል፣ ሲከብደው ይተኛል፣ ልኩን ሲያገኝ ብቻ ዳገቱን ሽቅብ ይወጣዋል። ስለዚህ መሐንዲሶቹ ጭነቱን እየለዋወጡ ይፈትኑታል፤ መጀመሪያ በኮምፒዩተር ፕሮግራም፣ ቀጥሎ ክፍሉ ውስጥ በእውነተኛው ሬዲዮ፣ አንቴናው እንደተሰካ። ውጤቱ ስክሪኑ ላይ እንደተቆረጠ ሽንኩርት የተደራረቡ ቀለበቶች ሆኖ ይሳላል፤ እምብርታቸው በቅሎው የሚወደው ጭነት ነው። የፕሮግራሙ እምብርትና የልኬቱ እምብርት ከገጠሙ ሬዲዮው ለነርሶቹ ይላካል። ካልገጠሙ ግን የሙከራ ጊዜዋ አርብ የሚያበቃው ትርሲት ወደመጣችበት ትላካለች፤ አለቃዋ ኢንጂነር አስናቀ ይህን ሽምብራ ቆሎ እየቆረጠመ፣ በፈገግታ ነግሯታል።

አልገጠሙም።

«ሰውነትሽ ነው» አለ አስናቀ፣ ከጀርባዋ ቆሞ ስክሪኑን እያየ። «ሰው ማለት ጨውና ውኃ ነው። አንቴናው አጠገብ ስትቆሚ ሞገዱን ትጠጪበታለሽ። በቅሎው ላይ ተፈናጠጥሽበት ማለት ነው።»

«ኧረ እዚሁ ውጭ ተቀምጬ ነው የለካሁት፣ ጋሼ። በሩም ተዘግቷል።»

«እንግዲያው ክፍሉን ጠበል እናስረጨዋ!» ብሎ በራሱ ቀልድ ሳቀና ሄደ።

ትርሲት አልሳቀችም። የቀለበቶቹን አሸሻሽ ታውቀዋለች። ገና ሥራውን ስትለማመድ ሳታስበው ክፍሉ ውስጥ ቆማ የለካች ጊዜ፣ እምብርቱ ልክ እንዲህ ወደ ግራ ዝቅ ብሎ ነበር፤ ሰው ከአንቴናው አንድ ክንድ ርቆ ሲቆም የሚመጣ አሸሻሽ ነው። ገብታ መብራቱን አበራችና ስፖንጁን፣ ጣሪያውን፣ ጠረጴዛውን፣ ከጠረጴዛው ሥር ያለውን ሁሉ ፈተሸች። ምንም የለም። ስትወጣ ጫማዎቿ አፍንጫቸው ወደ ኮሪደሩ ዞሯል፤ ሊወጣ ያሰበ ሰው እንዲቀለው አድርጎ እንደሚያዞረው።

አስናቀ ነው ስትል አሰበች፤ ቀልደኛ ነው፣ ደግሞም ሥራውን ለእህቱ ልጅ ይፈልገዋል እየተባለ ይወራል። ይህ ጥርጣሬ ደስ የማይል ቢሆንም ስም ያለው ጥርጣሬ ነውና ትንሽ አረጋጋት። እግሯን ወደ ጫማው ስትሰድድ ግን ውስጡ ሞቆ ጠበቃት፣ ገና አሁን እግር እንደወጣበት።

በማግስቱ ረፋድ አስናቀ የት እንዳለ እርግጠኛ ለመሆን እሱ ቆሎውን ይዞ ከኮምፒዩተሩ ፊት እንዲቀመጥላት ለመነችው። ኬብሉን ልታጠብቅ ገባች፣ ሲለካም እዚያው ሆና ልታየው በሩን ከውስጥ ሳበችው። አምፖሉ ልኬቱን ስለሚረብሽ ሲለካ ይጠፋል፤ እናም በጠራራ ፀሐይ ሰዓት፣ ከላይዋ መኪናው እየተራኮተ፣ ትርሲት ዓይን ቢከፍቱት ቢጨፍኑት ለውጥ በሌለው ጨለማ ውስጥ ቆመች፤ ያለው ብርሃን የመለኪያው መሣሪያ መዳፍ የምታህል አረንጓዴ መስኮት ብቻ ነበረች፣ እሷም ከራሷ አልፋ ለሌላ አትተርፍም። እዚያ ክፍል ውስጥ ድምፅ አይመለስም። ቢያስሉ ሳሉ ከከንፈር ሳይርቅ ስፖንጁ ይውጠዋል፣ ዝም ካሉ ደግሞ የገዛ ደም ጆሮ ውስጥ ሲሄድ ይሰማል፤ አቧራ የበላው ስፖንጅና የጋለ ብየዳ ይሸታል፣ ያን ቀን ግን በዚያ ላይ ሌላ ሽታ ነበረበት፣ ብዙ ጊዜ ካልሲ ሳይቀየር የቆመ ሰው ሽታ። ጭነቱን የምትለዋውጠው ትንሿ ሞተር እርርር ትላለች፣ ቀጥ ትላለች፣ እንደገና እርርር። ቀጥ ባለች ቁጥር ከዝምታው ውስጥ አንድ ነገር ከሞተሯ ዘግየት ብሎ ዝም የሚል መሰላት።

ደንግጣ ሳለ እጇ የለመደውን ሠራ። ልኬት ሲያስቸግር መሣሪያውን እንደ አዲስ ማስተካከል ነው፤ አንዲት ቁልፍ ተጭኖ «አሁን እዚህ ያለውን ሁሉ ምንም ብለህ ቁጠረው፣ ከዚህ በኋላ የሚመጣውን ብቻ ንገረኝ» እንደ ማለት ነው። ይህ የሚደረገው ክፍሉ ባዶ ሆኖ ነው፤ ለማጅ እንኳ አይስተውም። ትርሲት ግን መሐሉ ቆማ ተጫነችው።

ስህተቷ ወዲያው ገባት፤ መሣሪያው እሷን ምንም ብሎ ቆጥሯታል። ቁመቷን፣ ውኃዋን፣ ጨውዋን፣ የቆመችበትን ስፍራ ጭምር ሰርዞታል። ቁልፉን ደግማ ልትጫን እጇን ስትዘረጋ መስኮቷ ላይ ቀለበቶቹ መንቀሳቀስ ጀመሩ። እሷ ፈቀቅ አላለችም፣ ብትልም እንዲህ ወደ አንድ ወገን አይሄዱም። እምብርቱ ወደ ግራ ሸሸ፣ ዝቅ አለ፣ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ዝቅ አለ፤ ጥግ ላይ የነበረ ሰው በካልሲው፣ ስፖንጁን ላለማበላሸት እየተጠነቀቀ፣ ወደ አንቴናው ሲራመድ የሚመጣ አሸሻሽ ነው። ወደ ኋላ ብትል በሩ ነው፣ የበሩ እጀታ ግን ከዚያ ጥግ በኩል ነው።

«ማነው?» አለች። ድምፅዋ ከአፏ አልራቀም።

ሞተሯ ቀጥ አለች። ቀለበቶቹም ቆሙ። ጉንጯ ላይ፣ እናት የልጇን ትኩሳት ለማየት ስትጠጋ እንደሚሰማው ያለ፣ ጨው ጨው የሚል ሞቃት ነገር አረፈባት።

ከጥቂት በኋላ በሩ ተከፈተ፣ ትርሲትም ወጣች። ጎንበስ ብላ ጫማዋን አደረገች፣ ፀጉሯን ወደ ኋላ ሰበሰበች፣ በሩን ገፍታ ዘጋችና መጥታ ከአስናቀ አጠገብ ተቀመጠች። ፊቷ ሰላም ነበር። የመጨረሻውን ልኬት አዘዘች፤ ሞተሯ ከወፍራሙ በር ወዲያ እርርር ስትል ቀለበቶቹ በፕሮግራሙ ቀለበቶች ላይ አንድ በአንድ አረፉ። እምብርት ከእምብርት ገጠመ፣ እንደ ድስትና ክዳኑ።

«ጉድ በል ያገሬ ሰው!» አለ አስናቀ ጉልበቱን መትቶ። «እንዴት አባሽ አደረግሽው?»

«እንደ አዲስ አስተካከልኩት» አለች።

«መቼ?»

«ቅድም። ውስጥ እያለሁ።»

ቀልድ የሚያልቅበት ሰው አልነበረም፤ ያን ጊዜ ግን ቆሎው መንጋጋው ውስጥ እንዳለ ቆመ። መሐንዲስ ነውና ሒሳቡን ለመሥራት ጊዜ አልፈጀበትም። መሣሪያው አንቺን ምንም ብሎ ቆጥሮ ከነበረ፣ አለ በልቡ፣ አሁን ስትወጪ የጎደልሽበት ስፍራ ቀዳዳ ሆኖ መታየት አለበት፤ ቀለበቶቹ መሸሽ አለባቸው። እንዲህ የሚገጥሙት አንቺው በቆምሽበት ቦታ፣ አንቺኑ የሚያህል፣ ያንኑ ያህል ጨውና ውኃ ያለው አንድ ሰው አሁንም ቆሞ ከሆነ ብቻ ነው።

«ታዲያ አሁን እዚያ ያለው ማነው?» አለ ቀስ ብሎ።

ትርሲት ወደ በሩ አላየችም። «ማንም» አለችው፣ ከእጁም ቆሎ ዘግና ቃመች።

አስናቀ ሊከፍተው እስከ በሩ ሄዶ ነበር። እጀታውን ይዞ ጆሮውን ለጠፈና ከዚያ ክፍል ድምፅ እንደማይወጣ ትዝ ሲለው እጁን አነሳ። ሬዲዮዎቹ ለነርሶቹ ተላኩ፤ ማለፊያ ሠሩ። ትርሲት አርብ ዕለት ቋሚ ሆነች። ክፍሉ አንዴ በትክክል ስለገጠመ ማንም እንዳይነካው ተብሎ ተቆለፈ፣ ቁልፉንም የያዘችው እሷ ናት።

እንግዲህ ያልኩት ሁሉ እውነት ነው። የመሥሪያ ቤቱ ሾፌር እኔ ነኝ፤ ያን ቀን ወደ ቤቷ ስወስዳት ጨለማው ውስጥ የሆነውን ቃል በቃል ያጫወተችኝ ራሷ ናት፣ በመንገድ ሁሉ እየሳቀች። ለታሪኩ ማማሪያ ከራሴ የጨመርኳት አንዲት ነገር ብቻ ናት፤ ስትወጣ ጫማዋን አደረገች ያልኩት። በካልሲዋ ነው መኪናዬ ውስጥ የገባችው፤ ቡናማው ጫማ አፍንጫው ወደ በሩ እንደዞረ፣ ትርሲት ስትገባ እንዳስቀመጠችው፣ ዛሬም እዚያው ባለቤቱን ይጠብቃል።